የኖቬምበሩ ባሎት ላይ ካሉት ወንበሮች ጊዜያችሁን ለየትኛው ትሰጣላችሁ? (ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ 2026)

ኖቬምበር 3 ቀን 2026 ማክሰኞ ነው፣ በኛ ጥቅምት 24 ቀን 2019 ማለት ነው፣ ሜሪላንድ ላይ ጠቅላላ ምርጫ አለ። ፕሬዚዳንት ሚመረጥበት ዓመት ስላልሆነ ብዙ ሰው "ዘንድሮ ደሞ የምን ምርጫ?" ይላል። እንዲያውም ለኑሯችን ከሆነ ከፕሬዚዳንቱ ዓመት ይልቅ ይሄኛው ነው ብዙ ወንበር ሚይዘው፣ ከገቨርነር ጀምሮ እስከ ስኩል ቦርድ ድረስ ይወርዳል። ሰዉ ግን የላይኛዎቹን ሁለት ሶስት ክቦች በጥቁር እስኪርቢቶ ያጠቁርና ሌላውን በግምት ይሞላዋል፣ አንዳንዱም ወረቀቱ ከጀርባው መታተሙን ሳያይ ስካነሩ ውስጥ ከቶት ይሄዳል።

ይቺ ፅሁፍ ማንን ምረጡ አትልም፣ ለዛ ሰፈሩ ሙሉ ቀስቃሽ አለ። እኔ ማወዳድረው ወንበሮቹን ነው፣ የትኛው ወንበር የቱን የኑሯችሁን ክፍል ይነካል፣ ያለቻችሁን አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ደሞ የትኛው ላይ ብታውሏት ይሻላል ሚለውን። የሲልቨር ስፕሪንግ፣ የዊተንና የሮክቪልን ሰው እያሰብኩ ነው ምፅፈው፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ያላችሁም አብዛኛው ይሰራላችኋል፣ ሚለየው ጋ ስደርስ እናገራለሁ።

በምን እንመዝናቸው

አራት ነገር ነው ማየው። አንደኛ ኪሳችሁንና ቤታችሁን ምን ያህል ይነካል፣ ኪራይ፣ የቤት ታክስ፣ ትምህርት ቤት፣ ሱቅ ካላችሁ ላይሰንስ። ሁለተኛ ያ ሰው ለብቻው ምን መወሰን ይችላል፣ ምክንያቱም ቅስቀሳ ላይ ሁሉም ሁሉንም አደርጋለሁ ነው ሚለው። ሶስተኛ አንዴ ከገባ ስንት ዓመት ይቀመጣል።

አራተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፣ እሱም ኖቬምበር ላይ የእውነት ፉክክር አለ ወይ ሚለው ነው። ሞንትጎመሪ ላይ የካውንቲው ወንበሮች ለረጅም ዓመታት በዴሞክራቶች እጅ ናቸው፣ ስለዚ የካውንቲ ኤክስክዩቲቭ (የካውንቲው አስተዳዳሪ) ማን እንደሚሆን በተግባር ሚወሰነው ጁን ላይ በፕራይመሪ ነው፣ ፓርቲዎቹ እጩአቸውን ሚለዩበት ምርጫ ማለት ነው። ፕራይመሪው ደሞ ዝግ ነው፣ ፓርቲ ውስጥ ያልተመዘገበ ሰው የዴሞክራቶቹንም የሪፐብሊካኖቹንም ወረቀት አያገኝም። የኛ ሰው "እኔ ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም" ብሎ ያለ ፓርቲ ይመዘገባል፣ ከዛ ዋናው ጨዋታ ካለቀ በኋላ ነው ሚደርሰው። ድምፅ ዋጋ የለውም ለሚል ሰው ሁሌ ምነግረው ቁጥር አለኝ፣ በ2018 የዴሞክራቶች ፕራይመሪ ማርክ ኤልሪክ ለካውንቲ ኤክስክዩቲቭ ያሸነፉት በ77 ድምፅ ነበር፣ በ2022 ያንኑ ተፎካካሪያቸውን ድጋሚ ቆጠራ ተደርጎ በ32 ድምፅ። ከመቶ ሺ በላይ ሰው በመረጠበት ማለት ነው። አንድ የተክሊል ሰርግ ላይ ከዛ በላይ ሰው አለ።

የላይኛዎቹ፦ ገቨርነርና የአናፖሊስ ሰዎች

ገቨርነሩና ምክትላቸው በአንድ ክብ አብረው ነው ሚመረጡት፣ ለአራት ዓመት፣ በተከታታይ ከሁለት ተርም በላይ አይቻልም። ዌስ ሙር በ2022 ሲያሸንፉ የስቴቱ የመጀመሪያው ጥቁር ገቨርነር ሆነዋል። ገቨርነር በጀት ያረቃል፣ መንጃ ፈቃድ ሚሰጠውን ኤምቪኤን፣ ሜዲኬይድን፣ የስቴት መንገዶችን ሚመሩትን ሰዎች ይሾማል፣ ዳኛ ይሾማል፣ ሕግ ይፈርማል ወይ ይመልሳል። ሜሪላንድ ላይ ገቨርነሩ በጀት ላይ ያላቸው ጉልበት ከሌሎች ስቴቶች ይበልጥ ነበር፣ ምክር ቤቱ መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም ነበር፣ በ2020 ሕዝቡ በድምፅ ቀይሮት አሁን ከጠቅላላው ጣሪያ ሳያልፉ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዘዋወር ይችላሉ።

ዋና ከተማው አናፖሊስ ሚሰበሰበው የስቴቱ ምክር ቤት 47 ሴኔተርና 141 ደሊጌት አለው፣ ሁሉም ወንበር በዚሁ ቀን ይመረጣል፣ ለአራት ዓመት። ስራቸው ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል 90 ቀን ነው። ሞንትጎመሪ ላይ አንድ ሴኔተርና እስከ ሶስት ደሊጌት ትመርጣላችሁ። "እስከ" ሚለውን አትርሱ፣ ሶስት መሙላት ግዴታ አይደለም። ምታውቁት አንድ ሰው ብቻ ከሆነ እሱን ብቻ አጥቁራችሁ ሌላውን ብትተዉት ወረቀቱ አይበላሽም፣ እንዲያውም ለሱ ይጠቅመዋል ምክንያቱም ለተፎካካሪዎቹ ድምፅ አልጨመራችሁም።

ስቴት አቀፍ ሌላ ሁለት ወንበር አለ። አተርኒ ጄኔራል የስቴቱ ጠበቃ ነው፣ እኛን በቀጥታ ሚነካው የሸማቾች ጥበቃ ክፍሉ ነው፣ ያገለገለ መኪና ሸጦ ያጭበረበረ፣ "የኢሚግሬሽን ፎርም እሞላለሁ" ብሎ ጠበቃ ሳይሆን ገንዘብ ሚበላ ሰው ሚከሰሰው እዛ ነው። ኮምፕትሮለር ደሞ ታክስ ሰብሳቢ ነው፣ የስቴት ሪፈንዳችሁ ሲዘገይ የምትጠይቁት መስሪያ ቤት፣ ሱቅና ሬስቶራንት ያላችሁ ሴልስ ታክስ ምትከፍሉት። ከገቨርነሩና ከትሬዠረሩ ጋር ሆኖም ትላልቅ የስቴት ኮንትራቶችን ያፀድቃል፣ ሶስት ድምፅ ነው፣ አንዱ የሱ። ትሬዠረሩን ራሱ ምክር ቤቱ ነው ሚመርጠው፣ ባሎት ላይ አትፈልጉት።

ኮንግረስም አለ፣ ሜሪላንድ ስምንት ወንበር አላት፣ የሁለት ዓመት። የሴኔት ወንበር ግን ዘንድሮ የለም። ኮንግረስማን ለኛ ሚጠቅመው ከሕግ ማውጣቱ ባልተናነሰ በቢሮው ነው፣ ሚስት ወይ እናት ለማምጣት ያስገባችሁት ፔቲሽን ተንጠልጥሎ ሲቀር፣ ኤምባሲ ኢንተርቪው አልሰጥ ሲል፣ ቢሮው ደብዳቤ ፅፎ ይጠይቃል። ቪዛ ይሰጣል ማለት አይደለም፣ ፋይሉ የት እንደቆመ ያጣራል። ይሄን ለገቨርነር ቢሮ ሚደውል ሰው አውቃለሁ፣ ገቨርነሩ በኢሚግሬሽን ጉዳይ ላይ ምንም ስልጣን የለውም።

ካውንቲው፦ ኪሳችን ያለው እዚህ ነው

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

ኤክስክዩቲቩ ካውንቲውን ያስተዳድራል፣ በጀት ያቀርባል፣ የፖሊስ አዛዡን ያጫል፣ ቆሻሻ፣ በረዶ ጠረጋ፣ ራይድ ኦን አውቶብስ፣ የመጠጥ ላይሰንስ ሚሰጠው ቦርድ ሁሉ ከሱ ስር ነው። በ2024 ሕዝቡ በድምፅ ኤክስክዩቲቭ ከሁለት ተከታታይ ተርም በላይ አይቀመጥም ስላለ ኤልሪክ ዘንድሮ ድጋሚ መወዳደር አይችሉም፣ ወንበሩ ክፍት ነው ማለት ነው።

ካውንስሉ 11 ሰው ነው፣ ሰባቱ በየወረዳቸው፣ አራቱ በጠቅላላው ካውንቲ። እናንተ አንድ የወረዳ፣ እስከ አራት የጠቅላላ ትመርጣላችሁ። እኔ ከሁለቱ ካውንስሉን አስበልጣለሁ፣ ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ነው ሚያስበው። በ2023 ኤክስክዩቲቩ የቤት ታክስ ጭማሪ ጠየቁ፣ ካውንስሉ ከግማሽ በታች አውርዶ ነው ያፀደቀው። ከደሞዛችሁ ላይ ሚቆረጠውን የካውንቲ ታክስ መጠን ሚወስነውም ካውንስሉ ነው፣ ጣሪያውን አናፖሊስ ያስቀምጥለታል፣ በ2025 ጣሪያው ከ3.2 ወደ 3.3 ፐርሰንት ከፍ ተደርጓል።

ወንበሮቹ እንዴት እንደሚለያዩ በደንብ ሚታየው ኪራይ ላይ ነው። በ2023 ካውንስሉ የኪራይ ጭማሪ ገደብ አወጣ፣ ጭማሪው የዋጋ ግሽበት ሲደመር 3 ፐርሰንት ወይም 6 ፐርሰንት፣ ከሁለቱ ዝቅተኛው። ስራ ላይ የዋለው በ2024 ነው። ግን ከ23 ዓመት ወዲህ የተሰሩ ህንፃዎች ነፃ ናቸው፣ በካውንቲው ከሁለት ያልበለጠ ሚከራይ ቤት ያለው ግለሰብም ነፃ ነው፣ ስለዚ የአበሻ ቤዝመንት ውስጥ ያላችሁ አብዛኞቻችሁን ሕጉ አይመለከታችሁም፣ ጋሼ ሲጨምሩ ከጋሼ ጋር ነው መነጋገር። ሊዙ ሲያልቅ ያለ ምክንያት ውጣ ማለት ይቻላል ወይ ሚለው ደሞ የካውንስሉ ስልጣን አይደለም፣ የአናፖሊስ ነው፣ ካውንቲዎች ይሄን እንዲከለክሉ ሚፈቅድ ሕግ በ2024ም በ2025ም ቀርቦ ሳያልፍ ቀርቷል። እና መጨረሻ ላይ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሲሰጥ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ በቀጠሮው ቀን ሚመጣው የሸሪፉ ሰው ነው። አንድ አፓርታማ፣ ሶስት ወንበር። ኪራይ አበዛብን ብላችሁ ሸሪፍ ላይ ብትቆጡ ምንም አይለወጥም።

ሸሪፉን ካነሳን፣ ሞንትጎመሪ ላይ ሸሪፍ ዋና ፖሊስ አይደለም፣ ፍርድ ቤት ይጠብቃል፣ መጥሪያ ያደርሳል፣ ከቤት ያስወጣል። 911 ስትደውሉ ሚመጣው የካውንቲው ፖሊስ ነው። ፍሬደሪክ የሄዳችሁ ግን እዛ ሸሪፉ ራሱ ፖሊስ ነው፣ ወንበሩ ሌላ ክብደት አለው። ስቴትስ አተርኒ ደሞ ማን ይከሰስ፣ በምን ይከሰስ፣ ማን ጋር ይደራደር ሚለውን ለብቻው ይወስናል፣ መኪናው የተሰረቀበትም ልጁ የተያዘበትም ሰው ሚደርሰው እሱ ጋ ነው። ከካውንቲው ወንበሮች ለአንድ ሰው ይሄን ያህል ስልጣን ሚሰጥ ሌላ የለም፣ ሰው ግን ስሙን እንኳን አያውቀውም።

የሰርኪዩት ኮርት ክለርክና ሬጅስተር ኦፍ ዊልስ አስተዳደራዊ ስራ ናቸው፣ ቶሎ ልለፋቸው። የጋብቻ ላይሰንስ፣ የቤት ሰነድ ምዝገባ፣ የሱቅ ትሬደርስ ላይሰንስ ክለርኩ ጋ ነው። ሬጅስተር ኦፍ ዊልስ የሟች ንብረት ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ሜሪላንድ ላይ ለልጅ፣ ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጅ፣ ለወንድምና እህት ሲወረስ የውርስ ታክስ የለም፣ ለእህት ልጅ ወይ ለክርስትና ልጅ ሲሆን 10 ፐርሰንት አለ፣ ሰብሳቢው ይሄው ቢሮ ነው። ሕጉን ግን እሱ አያወጣም፣ ስለዚ እጩዎቹን ማወዳደር ያለባችሁ በቅልጥፍና ነው። ፕሪንስ ጆርጅስ ላይ በተጨማሪ የኦርፋንስ ኮርት ዳኞች ታገኛላችሁ፣ እነሱም የሟች ንብረት ነው ሚያዩት፣ ሞንትጎመሪ ላይ ያን ስራ የሰርኪዩት ዳኞች ስለሚሰሩት ባሎቱ ላይ የለም።

ስኩል ቦርድ፣ ዳኞችና ጥያቄዎቹ

እነዚህ መጨረሻ ላይ ወይ ጀርባው ላይ ናቸው። ለኔ ግን ኖቬምበር ላይ የእውነት ምርጫ ያለው እዚህ ነው።

ስኩል ቦርዱ ስምንት ሰው ነው፣ ሰባቱን እኛ እንመርጣለን፣ አንዱን ተማሪዎች። ግማሽ ያህሉ ወንበር በየሁለት ዓመቱ ይመረጣል፣ ለአራት ዓመት። የፓርቲ ስም አይፃፍባቸውም፣ ፕራይመሪው ለአንድ ወንበር ብዙ እጩ ካለ ወደ ሁለት ያወርዳል እንጂ አይጨርስም፣ ስለዚ ኖቬምበር ላይ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ታገኛላችሁ። የወረዳ ወንበር እጩ ወረዳው ውስጥ መኖር አለበት ግን ሚመርጠው ጠቅላላው ካውንቲ ነው፣ የፖቶማክ ሰው ለሲልቨር ስፕሪንግ ወንበር ይመርጣል፣ እኛም ለነሱ። ይሄ ቦርድ የትምህርት ቤቶቹን ዋና ኃላፊ ሱፐርኢንቴንደንቱን ይቀጥራል፣ ካላንደሩን ያፀድቃል፣ ልጃችሁ ብሌር ይሂድ ስፕሪንግብሩክ ሚለውን ወሰን ያፀድቃል፣ ስፔሻል ፕሮግራሞች የት እንደሚከፈቱ ይወስናል፣ ከካውንቲው በጀት ግማሽ ገደማ ሚሄደው ወደ ትምህርት ቤቶቹ ነው። ጠቅላላውን ብር ካውንስሉ ይሰጣል፣ ውስጡን ሚከፋፍለው ቦርዱ ነው። ትምህርት ቤቶቹ ለወላጅ ሚልኩትን ደብዳቤ በአማርኛ ማግኘት የተለመደ ነው፣ ስለዚ ወላጆች ከየትኛውም ወንበር ይልቅ ስለዚህኛው መረጃ ማግኘት ይቀላችኋል።

ዳኞቹ ሁለት አይነት ናቸው። የሰርኪዩት ዳኛ ገቨርነር ከሾመው በኋላ ሕዝብ ፊት ይቀርባል፣ ሌላ ጠበቃ ሊፎካከረው ይችላል፣ ካሸነፈ 15 ዓመት። ከዚህ ባሎት ላይ ረጅሙ ዘመን ይሄ ነው፣ ፍቺ፣ የልጅ አሳዳጊነት፣ ከባድ ወንጀል ሚያየውም እሱ ነው። የይግባኝ ዳኞች ግን ተፎካካሪ የላቸውም፣ ይቀጥሉ ወይስ አይቀጥሉ ነው ጥያቄው፣ 10 ዓመት።

ጥያቄዎቹ የስቴትም የካውንቲም ሊሆኑ ይችላሉ፣ የኤክስክዩቲቩ የተርም ገደብ በ2024 የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። አፃፃፋቸው ይከብዳል፣ "አዎ" ስትሉ ያለውን መለወጣችሁ መሆኑን አትርሱ። ወረፋ ላይ ቆሞ ሚነበብ ነገር አይደለም፣ ከምርጫው በፊት በፖስታ ሚላክላችሁ ናሙና ባሎት ላይ ስላለ እቤት ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

ባንድ ላይ ሲታዩ

| ወንበር | ስንት ዓመት | ባብዛኛው ሚነካው | ኖቬምበር ላይ ፉክክር | ሚገባው ጊዜ |
|---|---|---|---|---|
| ገቨርነርና ምክትል | 4 | በጀት፣ ሹመት፣ ኤምቪኤ፣ ሜዲኬይድ | አለ፣ ወሬውም ይበዛል | ትንሽ፣ ብዙውን ሳትፈልጉ ትሰማላችሁ |
| ሴኔተርና ደሊጌት | 4 | የስቴት ሕግ፣ የተከራይ መብት | ሞንትጎመሪ ላይ ደካማ | መካከለኛ |
| አተርኒ ጄኔራል | 4 | የሸማች ጥበቃ | ደካማ | ትንሽ |
| ኮምፕትሮለር | 4 | ታክስ፣ ሪፈንድ | ደካማ | ትንሽ፣ ሱቅ ካላችሁ መካከለኛ |
| ኮንግረስ | 2 | ኢሚግሬሽን፣ የፌደራል ጉዳይ | እንደ ወረዳው | ትንሽ |
| ካውንቲ ኤክስክዩቲቭ | 4 | አገልግሎት፣ ፖሊስ፣ የበጀት ረቂቅ | ዋናው ጁን ላይ | መካከለኛ |
| ካውንቲ ካውንስል | 4 | የቤት ታክስ፣ ኪራይ፣ የደሞዝ ታክስ | ዋናው ጁን ላይ | ብዙ |
| ስቴትስ አተርኒ | 4 | የወንጀል ክስ | ደካማ | መካከለኛ |
| ሸሪፍ፣ ክለርክ፣ ሬጅስተር | 4 | ማስፈፀምና ምዝገባ | ደካማ | ትንሽ |
| ስኩል ቦርድ | 4 | ወሰን፣ ካላንደር፣ ፕሮግራም | የእውነት አለ | ብዙ |
| የሰርኪዩት ዳኛ | 15 | ቤተሰብ፣ ወንጀል | አንዳንዴ | መካከለኛ |
| የይግባኝ ዳኛ | 10 | የሕግ ትርጉም | የለም፣ አዎ ወይ አይ | ትንሽ |
| ጥያቄዎች | እስኪቀየር | እንደ ጥያቄው | አለ | ብዙ |

"ደካማ" ያልኩት አትምረጡ ለማለት አይደለም፣ ጊዜያችሁን ሌላ ቦታ ብታውሉት ውጤቱ ላይ የበለጠ ትመዝናላችሁ ነው።

እንደየሁኔታችሁ

ግማሽ ሰዓት ብቻ ካላችሁ፣ ፈረቃ ምትሰሩ፣ ኡበር ምትነዱ፣ ሌላውን ትታችሁ ጥያቄዎቹንና ስኩል ቦርዱን አንብቡ። ልጅ የለኝም እኮ ምትሉም ቢሆን፣ የቤት ታክሳችሁ ሚሄድበት ነው።

አንድ ምሽት ካላችሁ ካውንስሉን ጨምሩ፣ በተለይ አራቱን የጠቅላላ ወንበሮች። ተከራይ ከሆናችሁ አሁን ያለው የኪራይ ገደብ ይቆይ ወይስ ይላላ ሚለውን ጠይቁ፣ ከዛ የደሊጌቶቻችሁን አቋም። ቤት የገዛችሁ፣ የታክስ ጭማሪ ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉ። መቼስ ሁለቱም አይነት ሰው አንድ ቤት ውስጥ አለ፣ ላይ ባለቤት ታች ተከራይ፣ ድምፃቸው ቢጋጭ አይገርምም።

ሬስቶራንትና ሱቅ ያላችሁ ኤክስክዩቲቩን አስቀድሙ። ካውንቲው የመጠጥ ጅምላ ንግድ ራሱ ነው ሚይዘው፣ ቢራውንም ወይኑንም ላይሰንሱንም ከሱ እጅ አታልፉም፣ ስለዚ እጩው ስለዚህ ምን ይላል ሚለው ለናንተ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። ቤተሰብ ማምጣት ላይ ያላችሁ ኮንግረስ፣ እጩውን "ቢሮህ ለፔቲሽን ጉዳይ ስንት ሰው መድቧል" ብላችሁ ጠይቁት።

እንግሊዝኛ ሚከብዳቸው እናትና አባት ያላችሁ፣ ባሎቱ እዚህ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው ሚታተመው፣ አማርኛ የለውም። ግን ማንበብ ሚቸግረው መራጭ ሚያምነውን ሰው ይዞ መግባት የፌደራል ሕግ ይፈቅድለታል፣ አሰሪውና የሰራተኛ ማህበሩ ሰው ካልሆነ በቀር ልጅም ጎረቤትም ይሆናል። በሩ ላይ "ብቻዎትን ይግቡ" ቢባሉ እትዬን አትመልሷቸው፣ የጣቢያውን ኃላፊ ጥሩ። ወይም በፖስታ አስልኩላቸው፣ ምክንያት አይጠየቅም፣ እቤት ቡና እየተጠጣ ይሞላል፣ ፊርማ ብቻ እንዳይረሳ።

ምዝገባ እስከ ኦክቶበር 13 ነው፣ ያለፈው ሰው አድራሻውን ሚያሳይ ማስረጃ ይዞ እዛው መምረጫው ቦታ ተመዝግቦ መምረጥ ይችላል። ቀድሞ መምረጥ ከኦክቶበር 22 እስከ 29 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 7 እስከ ማታ 8፣ እሁድም ይሰራል፣ ከቅዳሴ በኋላ መሄድ ይቻላል።

ግሪን ካርድ ያላችሁ ግን ይሄ ሁሉ አይመለከታችሁም፣ ኤምቪኤ ላይሰንስ ስታሳድሱ "መራጭ ሆነህ ትመዘገባለህ?" ብሎ ሲጠይቃችሁ አይ በሉ። በስህተት ተመዝግቦ የመረጠ ሰው ሲቲዝንሺፕ ሲያመለክት ትልቅ ችግር ውስጥ ይገባል። ታኮማ ፓርክ ምትኖሩ ግን የተለያችሁ ናችሁ፣ ከተማዋ ከ1993 ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ የከተማውን ከንቲባና ካውንስል እንዲመርጥ ትፈቅዳለች፣ ምዝገባው የስቴቱ ሳይሆን የከተማው ነው፣ ሲቲ ሆል ሄዳችሁ ጠይቁ።